የመኪናዋ መጎተቻና የፈላና በሩ ቀጥቃጭ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው በሐሰት ስለተሰደቡ ነው። ሰዳቢው ባለቤቴ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሐረር ነው የሆነው። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም።

ባለቤቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪክ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ መኪና ገዛ። ሩጫ ላይ የሚያህላት የለም፤ ዕቃ ግን አትጭንም። ስለዚህ ከኋላዋ ጋሪ ሊያስጎትታት ፈለገ። ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ የሚሠሩት ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ፣ በአገሩ አክብሮት አው ዩሱፍ የምንላቸው፣ ባሌስትራ ከሚባለው የአሮጌ ካሚዮን መሸከሚያ ብረት መጎተቻ ሠሩለት። የጋሪው ቀለበት መጎተቻው ላይ ይገባና እንዳይወጣ ወፍራም የብረት መሸጎሪያ ይሰካበታል።

አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ካለችው ከድሬ ጠያራ ብርቱካን ጭኖ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጋሪው ተላቅቆ ገደል ገባ። ሰው አልተጎዳም። ባለቤቴ ግን በቀጥታ ፈላና በር ሄዶ በገበያተኛው ፊት፣

«አንተ ቡዳ! ጋሪዬን በዓይንህ በላኸው!» ብሎ ጮኸባቸው። አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚያመጣላቸው ጠፋ። እናቶች በደጃቸው ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍኑ ጀመር።

እኔ መኪናዋን አየሁ። መጎተቻው ደህና ነው። የተበጠሰ ገመድ ግን ተንጠልጥሎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መሸጎሪያው ጠፋብኝና በገመድ አሰርኩት።»

«ታዲያ ጋሪውን የበላው ማነው? ገመዱ?»

ቁጢጥ ብሎ ገመዱን ይፈታ ጀመር።

«ተነስ፣ ይቅርታ ትጠይቃለህ!»

«ሲመሽ እሄዳለሁ።»

«የሰደብከው በጠራራ ፀሐይ ነው!»

የመጨረሻ ልጄን አዝዬ እሱን ከፊት አስቀድሜ ሄድኩ። እዚያ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ያጉተመትም ጀመር።

«ጮክ በል! ስትሰድብ ጉሮሮህ ደህና ነበር» አልኩት። ገበያተኛው ሳቀ። በላብ ተጠምቆ ሁሉንም ተናገረ። ብረቱ እንዳልተሰበረ፣ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ።

«አላህ ይቅር ይበልህ» አሉት አው ዩሱፍ።

እኔም ፍርድ የሰጠሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። «አው ዩሱፍ፣ የቀረ ነገር ካለ ይንገሩን» አልኳቸው።

ዛሬም ሳስበው ፊቴ በኀፍረት ይቃጠላል። መዶሻቸውን አስቀመጡና ጀርባዬ ላይ ፊቱ በነጠላ የተሸፈነውን ልጄን አዩ።

«ልጄ፣ እንግዲህ ያንን ሕፃን ግለጪው» አሉኝ። «ወላሂ ታፈነ።»