ሰማሁት ያልኩት ልዩነት

የምጽፈውን ነገር ሚስቴም አታውቀውም። ለእሷ ያልነገርኩትን ለእናንተ፣ ለማላውቃችሁ ሰዎች መንገሬ ራሱ ፈሪነት ነው፤ የደፈርኩት ፊታችሁን ስለማላይ ነው። እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ሲጨዋወት ወሬው ወደዚያ ዘንበል ካለ እንኳ ሻይ ላምጣ ብዬ እነሳለሁ።

ከማል እባላለሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ አቡ ዓሪሽ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ሳዑዲ ሾፌር ነኝ። ከፊሌን፣ ማለትም አሠሪዬን፣ አቡ ሳሊም ብለን ነው የምንጠራው። ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹ ሪያድ የቀሩበት ሰው ነው። የቀረው ደስታ ከአባቱ የወረሰው አሮጌ የድምፅ ማጉያ ነው። ዛሬ እንደምናውቃቸው ዓይነት አይደለም። እንደ አምፖል ቀስ እያሉ የሚበሩና የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች አሉት፤ ሲያበሩት ክፍሉ የጋለ አቧራ ይሸታል።

ችግሩ ማጉያው የድሮ ሰው መሆኑ ነው። አቡ ሳሊም ዘፈኖቹን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አስገልብጦ ነበር። ኮምፒውተር ዘፈንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ማጉያው ደግሞ ቁጥር አያነብም። በመካከላቸው ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልስ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ያንን ሳጥን «ዳክ» ይሉታል። የትኛውን ዳክ እንደሚገዛ ለመወሰን ከፊሌ ስንት ወር እንደፈጀ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ልጁን ሲድር እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም። አንድ ቀን፣ ቱቦው ራሱ ድምፁን ስለሚያሞቀው ዳኩ ንጹሕና ቀጥተኛ ይሁን ይላል። በማግስቱ፣ የለም፣ ዳኩም ሞቅ ያለ ድምፅ ቢሰጥ ይሻላል ይላል። እኔ መሪ እንደያዝኩ «ልክ ነህ» እላለሁ፤ ሁለቱንም ቀን።

በመጨረሻ ምርጫው ሁለት ላይ ደረሰ። አንዱ ራሱ ያስመጣው፣ ከስልክ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ሳጥን ነው። ሌላው ጂዛን ከተማ የሚኖር የአንድ መምህር ወዳጁ ንብረት ነው፤ ከባድ፣ ሁለመናው ብረት። መምህሩ ለአንድ ቀን ሊያውሰው ተስማማ። የትኛው እንደሚጫወት ሳያዩ፣ ከመጋረጃ ፊት ተቀምጠው በጆሮ ብቻ እንዲመርጡ ቀን ተቆረጠ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ገመዱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይረው እኔ ነኝ።

አሁን ስለ ሰይድ ልንገራችሁ። ሰይድም የወሎ ልጅ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የአቡ ሳሊም እርሻ በግ ይጠብቅ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የአገር ልጆች እርሻው ላይ ስንሰበሰብ መንዙማ የሚያወጣው እሱ ነው፤ እኛ እንቀበላለን። ድምፁን እንዴት ብዬ ልግለጽላችሁ? ሲጀምር ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ተቀበሉ እስኪል መቀበላችንን እንረሳለን። አንዳችን ትንሽ ከሳትን ዓይኑን ሳይገልጥ በጣቱ ወደ ሳተው ሰው ይጠቁማል። ተሳስቶ ሌላ ሰው ላይ ሲጠቁም አይቼው አላውቅም።

አንድ ቀን አቡ ሳሊም የውሃ መሳቢያውን ሊያይ ሄዶ ሰይድን ለበጎቹ ሲያንጎራጉር ሰማው። ቋንቋው ሳይገባው ቆሞ ቀረ። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ይህ ልጅ ጆሮ አለው። ሓሪሱ አገሩ ሊገባ ነው፤ በእሱ ቦታ ይህን አመጣውና ከእኔ ጋር ይሰማል። መምህሩ በመጣ ቀን ይምጣና እንየው» አለኝ። ሓሪስ የበር ዘበኛ ነው። ይህ ለሰይድ ምን ማለት እንደሆነ የጂዛንን በጋ ያላየ አይገባውም። ከቆርቆሮ ጎጆ ወጥቶ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል መግባት ነው፤ ክፍሉም ከእኔ ክፍል አጠገብ ነው።

ደስ አለኝ? ደስ ብሎኛል ብዬ ለሰይድ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን «ጆሮ አለው» የሚለው ቃል ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ስንት ዓመት ያመላለስኩት ሰውዬ ስለ እኔ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ቀኑ ደረሰ። ከዐሱር ሶላት በኋላ መምህሩ መጣ፤ ከባዱን ሳጥን ከመኪናው አውርጄ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ደፉ ላይ ነጠላ ጫማዬ ያዘኝና ሳጥኑ ከእጄ አምልጦ እብነ በረዱ ላይ ወደቀ። ማንም አላየኝም፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችና ከእርሻው ያመጣሁት ሰይድ ግቢው ውስጥ ገና ሰላምታቸውን አልጨረሱም ነበር። ሳጥኑ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ከመጋረጃው ጀርባ ወስጄ ስሰካው መብራቱ በራ። ድምፅ ግን የለም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ደግሜ ነቀልኩ። የለም።

«ወደቀብኝ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አላልኳትም።

ያደረግሁት ይህ ነው። ትንሿን ሳጥን ሰክቼ «ዋሒድ»፣ አንድ፣ ብዬ ጮኼ አንድ የየመን ዑድ፣ የዐረቦቹን ክራር፣ አጫወትኩ። ከዚያ ቆም አደረግሁና ገመድ የምነካካ መስዬ «እትኔን»፣ ሁለት፣ ብዬ ያንኑ ዑድ በዚያችው ትንሽ ሳጥን አጫወትኩ። ገመዱን አልቀየርኩም። አንድም ጊዜ አልቀየርኩም።

አቡ ሳሊም ሁለተኛው ላይ ዑዱ ወደ ፊት መጣልኝ አለ። መምህሩም ሁለተኛው የእሱ እንደሆነ የገባው መስሎት የወፍራሙን ክር ጥልቀት አወደሰ። ጥቂት ተከራከሩና ሁለተኛው እንደሚበልጥ ተስማሙ። ከዚያ አቡ ሳሊም በር አጠገብ ወደ ተቀመጠው ወደ ሰይድ ዞሮ «አንተስ?» አለው።

ሰይድ «አንድ ነው» አለ።

ድገምለት ተባልኩ፤ ደገምኩ። «ወላሂ ያ ዐሚ፣ አንድ ነው» አለ። ደግሞ ተጫወተለት። ሰይድ በጣም አዳመጠ፤ በመጋረጃው ክፍተት አየዋለሁ፤ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ነበር። አሁንም አንድ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም። አቡ ሳሊም «ኸላስ፣ ጆሮህን በጎቹ ወስደውታል። ያላ፣ ከማል ያድርስህ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከመጋረጃው ጀርባ እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ? ዝም ብል እንዳይጠረጥሩኝ ይሆን? እንደዚያ ቢሆን ደግ ነበር። ትንሽ ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት።

ይህን ያህሉን ሰምታችሁ ኃጢአቴ ይህ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱ፤ ገና ነው።

ወደ እርሻው ስወስደው ግማሽ መንገድ ስንደርስ «አያ ከማል» አለኝ፤ በዕድሜ ስለምበልጠው አያ ይለኛል። «እውነቱን ንገረኝ። አንተ ልዩነቱን ሰምተኸዋል?»

መኪናው ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። አሠሪ የለም፣ መምህር የለም። ብነግረው ለማንም እንደማያወራ አውቃለሁ፤ ሰይድ ሰው የሚያሳጣ ልጅ አይደለም።

«ሰማሁት» አልኩት።

«በደንብ?»

«በደንብ ነዋ። ሰማይና ምድር ነው።»

«እኔ ታዲያ ምን ሆኜ ነው?» አለ። እኔን ሳይሆን ራሱን ነው የጠየቀው።

ፈርቼ ነው ብል ታምኑኝ ይሆናል። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በሰውዬው እጅ ነው፣ ሳጥኑ ውድ ነው፣ ቤተሰቤ የሚበላው ከእኔ ነው። ይህ ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ለነበረው ከማል ያገለግል ይሆናል። መሪ ለያዘው ከማል አያገለግልም። መሪ የያዘው ከማል ማንን ፈርቶ ነው? ከመካከላችን ጆሮ የነበረው ያ ልጅ ብቻ እንደሆነ እያወቅሁ፣ አንድ ጊዜ እኔ ሰሚ እሱ ደንቆሮ እንድንሆን ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ሁለተኛው የመምህሩ ነው ስላልኳቸው አቡ ሳሊም የመምህሩን ዓይነት ሳጥን ገዛ፤ ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር እንዴት እንደመረጠው ይተርካል። የመምህሩ ሳጥን መበላሸት በመብራት መቆራረጥ ተላከከ። የበሩን ክፍል ሌላ ሰው ገባበት። ሰይድ ወደ በጎቹ ተመለሰ፤ እኔም ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም። በቀጣዩ ሐሙስ ሰይድ አላወጣም፤ ጉንፋን ይዞኛል አለ። ከዚያም በኋላ በየሐሙሱ ያው ጉንፋን ያዘው። አንድ ቀን ሰዉ ሁሉ ለምኖት ጀመረና መሃል ላይ አቋርጦ ዓይኑን ገለጠ። «ልክ ነኝ?» ብሎ ጠየቀ። እኛን ጠየቀ፤ በጣቱ ሲያርመን የኖረው ልጅ። ከዚያ ወዲያ ማውጣቱን ለሌላ ሰው ተወና ከኋላ እየተቀመጠ በዝግታ ይቀበል ነበር። እኔ እሱ ፊት ለፊት እየተቀመጥኩ በየሐሙሱ አየሁት። በየሐሙሱ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ሄድኩ፣ ሳልነግረው ተመለስኩ። ሳልነግረው አገሩ ገባ።

ባለፈው ሰሞን ከወሎ ደወለልኝ። አግብቶ ኖሯል፤ ወንድ ልጅ ተወልዶለታል። ድምፁን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ይህ ሐሰት አይደለም። እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ አባት በቀኝ ጆሮው የሶላት ጥሪውን፣ አዛንን፣ ይልበታል፤ ልጁ ከዓለም መጀመሪያ የሚሰማው እሱን እንዲሆን። በዚያ ድምፅህ አዛን የተባለለት ልጅ የታደለ ነው አልኩት።

«ኧረ እኔ አላልኩም» አለ እየሳቀ። «ጎረቤቴን ጠርቼ አስባልኩ። የእኔን ጆሮ አንተ ታውቀው የለ፣ አያ ከማል። ልጁ መጀመሪያ የሚሰማው የተጣመመ ነገር እንዳይሆን ብዬ ነው።»

በዚያች ቅጽበት መናገር እችል ነበር። ገመዱን አልቀየርኩም፣ አንተ ነበርክ ልክ፣ ሂድና ለልጅህ ራስህ በልለት ማለት እችል ነበር። «ማብሩክ» አልኩት። ቀጥዬ ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁበት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰይድ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደበደልኩት እንኳ አያውቅም። ስልክ ቁጥሩ አለኝ። ይህን ሁሉ ለእናንተ ስጽፍ ለእሱ አልደወልኩም።