የጆሮ የመጀመሪያ ሥራ

«ጆሮ» ያልናት ስቱዲዮ በገባች በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንድ ቃለ መጠይቅ እየቀዳን ሳለ ማዳመጫዋን አውልቃ «የሆነ ቦታ ፍሪጅ አለ» አለች። ስቱዲዮው ውስጥ ፍሪጅ የለም። ካሜራ አንሺው «ቀዝቃዛ ውኃ ካለው ለእኔም ያዢልኝ» ብሎ አሾፈባት። እሷ ግን ደረጃውን ወርዳ፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ባለሱቅ ለምና፣ ፍሪጁን ለግማሽ ሰዓት አስነቅላ ተመለሰች። በየቅጂያችን ውስጥ ለዓመታት እንደ ዝንብ ሲጮህብን የኖረው ነገር ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባን። ካሜራ አንሺው ከዚያ በኋላ አልቀለደባትም።

እኔ የስቱዲዮው ኤዲተር ነኝ፤ እሷን እንዳሠለጥን የታዘዝኩትም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከደሙ ንጹህ ነኝ ለማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። እናቷ ሥራውን መልቀቋን ሲሰሙ «ነጭ ጋዋን አውልቀሽ ሽቦ ልትጠቀልይ ነው?» አሏት። አልተሳሳቱም። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ያስጠቀለልናት ሽቦ ነው። በቤቱ ውስጥ ከጎኗ የቆሙት አባቷ ብቻ ነበሩ።

አባቷ የአውቶቡስ መናኸሪያው አስተዋዋቂ ናቸው። ከግቢው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማይክ ፊት ተቀምጠው ሃያ ሁለት ዓመት ተናገሩ። መልካቸውን የሚያውቅ ተሳፋሪ ጥቂት ነው፤ ድምፃቸውን የማያውቅ ግን የለም። አንድ አመል ነበራቸው፤ አውቶቡሱን በዓይናቸው ሳያዩ አይናገሩም። የመነሻ ሰዓቱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢሰጣቸውም፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘወር አድርገው በመስኮቱ ወደ በሩ ያያሉ። መጥቶ ከሆነ «ዘጠኝ ቁጥር ገብቷል» ይላሉ። ካልመጣ ደግሞ «ወገኖቼ፣ ዘጠኝ ቁጥር አልመጣም። አትቁሙ፣ ተቀመጡ» ይላሉ። ያን ጊዜ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሻንጣው ላይ ቁጭ ይላል። ጆሮ በልጅነቷ እዚያ ክፍል ውስጥ ሆና ይህንን ታይ ነበር። «አንድ ድምፅ ያን ሁሉ ሰው ሲያስቀምጥ አይቼ ነው ይኼ ሥራ ያማረኝ» ብላኛለች።

የሦስት ወር ሙከራዋ ሊያልቅ ሲል የስቱዲዮው ባለቤት ጠራትና «አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻሽን ሠርተሽ ታሳዪኛለሽ። ካልሆነልሽ ወደ ክኒንሽ ትመለሻለሽ» አላት። በዚያው ሳምንት ከመናኸሪያው ሥራ መጣ። ከእንግዲህ ማስታወቂያውን የሚናገረው ሰዓት ጠብቆ የሚጮህ ኮምፒውተር ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ሕዝቡ የለመደውን ድምፅ ነው የፈለገው። ባለቤታችን እጁን አፋተገ። «አባትሽ አይደሉ? በይ፣ ሥራሽ ይኸውልሽ።»

ወደ እኔ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባዬን ከወንበሩ ላስነሳው ነው እኮ» አለችኝ።

«አንቺ ባትቀጂያቸው ሌላ ሰው ይቀዳቸዋል» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ግን አንድ አዛኝ ሰው ሌላ ነገር ይላት ነበር። አባቷም ቢሆኑ የሚጠብቃቸውን ያውቁ ነበር። «ልጄ የምትቀጠርበት ከሆነ ምን ቸገረኝ» ብለው በቀጠሮው ቀን ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው መጡ።

መቅጃ ክፍላችን መስኮት የለውም፤ ዙሪያውን ስፖንጅ ነው። ጆሮ ማይኩን አፋቸው ትይዩ አድርጋ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። አሥራ አራት ማስታወቂያ ነው፤ ለአንድ አውቶቡስ አንድ። የመጀመሪያውን ሊያነቡ ሲሉ አንገታቸው ወደ ግራ ዞረ። ድምፃቸው ከማይኩ ሸሸ።

«አባዬ፣ ወደ ማይኩ» አለቻቸው።

ሁለተኛውም ላይ ዞሩ፤ ሦስተኛውም ላይ። መጨረሻ ላይ እኔ ገብቼ ወንበራቸውን በግራ በኩል ግድግዳው ላይ አስጠጋሁት፤ ቢዞሩ አፍንጫቸው ስፖንጅ ይነካል። ሳቅ አሉ።

«ሳላይ ነው እንዴ የምናገረው?» አሏት።

«አዎ አባዬ። ሳታይ ነው።»

ወረቀቱን አዩት። ከዚያ አነበቡ። እያንዳንዱን ካነበቡ በኋላ ግን ማንም ሳያዛቸው ያችን የራሳቸውን ቃል ይጨምሩ ነበር፦ «ወገኖቼ፣ ዘጠኝ ቁጥር አልመጣም። አትቁሙ፣ ተቀመጡ።» አሥራ አራቱንም እንደዚሁ። «ያልመጣ ቀን ትጠቅማችኋለች» አሉና ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ።

ጆሮ ኤዲት ለማድረግ ስትቀመጥ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ትንፋሹን፣ ምራቅ ሲዋጥ የሚሰማውን፣ የወረቀቱን ኮሽታ ሁሉ ለቅማ አወጣች። «አልመጣም» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ይኼንንስ ላስቀምጠው?» ብላ ዞራ አየችኝ።

«ደንበኛው የሰጠን ወረቀት ላይ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ አናስቀምጥም።»

ለስንቱ ሠልጣኝ እንደዚህ ብያለሁ። እሷም መቀጠር ነበረባት፤ ለእኔ ጎበዝ ሆና መታየትም ትፈልግ ነበር። አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። ባለቤታችን ሥራውን ሰምቶ «እንዴት ያለ ንጹሕ ነው» አለ። እኔም አጨበጨብኩላት። በማግስቱ የቅጥር ደብዳቤዋን ወሰደች፤ በወሩ አባቷ ቤት ዋሉ።

ቤት መዋሉን አልቻሉበትም። እየሄዱ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ኮምፒውተሩ ሰዓቱ ሲደርስ በእሳቸው ድምፅ «ዘጠኝ ቁጥር ገብቷል፤ ተሰለፉ» ይላል። በሩ ላይ አንድም አውቶቡስ የለም። ሕፃን ያዘለች፣ በዱላ የሚሄድ፣ ሁሉም ተነሥቶ ይሰለፋል፤ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ማታ ገብተው ጆሮን «ያችን የእኔን ቃል አስገቢልኝ። ሰውን እያስዋሸሽኝ ነው» አሏት።

እንደ ሰረዘቻት ልትነግራቸው አልደፈረችም። እንደገና ልትቀዳቸው ፈልጋ እኔን አማከረችኝ። «ደንበኛ ተረክቦ የሄደውን ሥራ ነካክተሽ፣ ጎድሎ ነበር ልትዪ ነው? ገና በወርሽ?» አልኳት። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አባቷን ግን «በሚቀጥለው ሳምንት» አለቻቸው። ብዙ ሳምንት እንደዚያ አለቻቸው።

ከዚያ አባቷ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ቀደዱት፤ ነፍሳቸው ተረፈች። ድምፃቸው ግን አልተረፈም፤ የቀረላቸው በር ሲጢጥ ሲል የሚመስል ሹክሹክታ ነው። ጆሮ ይሄኔ ነው ድፍረቱ የመጣላት። በቀጥታ የመናኸሪያው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ሄደች። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «በእሳቸው ድምፅ ካለሽ አምጪው፣ አውቶቡስ ሲቀር የሚጫኑት አንድ ቁልፍ እናደርግለታለን። በሌላ ሰው ድምፅ ግን ሕዝቡን ግራ አናጋባም» አላት። መጥታ ኮምፒውተሩን ሦስት ቀን በረበረችው። እኔም አብሬያት በረበርኩ። የሰረዘችው ቦታ ላይ የሰው ሠርግ ቅጂ ተጭኖበታል። በሦስተኛው ቀን ማዳመጫዋን ጠረጴዛው ላይ አኑራ አለቀሰች።

ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ምሳቸውን ልታደርስላቸው ስትሄድ ተከትያት ሄድኩ። ድምፅ ማጉያው «ዘጠኝ ቁጥር ገብቷል፤ ተሰለፉ» አለ። ሰዉ ተነሣ። አባቷ ከአግዳሚው ላይ ብድግ አሉ፤ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘወር አድርገው በሩን አዩ። ባዶ ነው። ወደ ሰልፉ ቀረቡና አንዲት ትልቅ ዘንቢል የተሸከሙ እናት ፊት ቆመው በዚያ በተዘጋ ጉሮሮ «አልመጣም። አይቁሙ፣ ይቀመጡ» አሉ።

ሴትየዋ አዘንብለው ሰሟቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ የተናገሩትም በትሕትና ነው።

«አይ አባቴ፣ ገብቷል እኮ እያሉ ነው። እኚህን ሰውዬ ሃያ ዓመት ሙሉ አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ዋሽተውን አያውቁም።»

ጆሮ የምሳ ዕቃውን እንደያዘች ወደ ሴትየዋ ልትሄድ ተንደረደረች። አባቷ ክንዷን ያዟት። በሹክሹክታ «ተያቸው፤ እኔን አምነው ነው» አሏት።

ሴትየዋ ዘንቢላቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛውረው መቆማቸውን ቀጠሉ። ከራሳችን በላይ ያ ድምፅ ማስታወቂያውን ደገመው፤ ትንፋሽ የለበትም፣ ኮሽታ የለበትም። ያጨበጨብኩለት ቅጂ ነው።