የተነጠቅሁት አንቱታ

አዋሽ ከተማ፣ እናቴ ሻይ ቤት ውስጥ ሳድግ ሾፌሩም ረዳቱም የሚጠራኝ "አንቺ ልጅ፣ ሻይ!" እያለ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሰመራ፣ መምህራን ኮሌጅ ስገባ፣ የወሎ ሰው የነበሩት መምህራችን የስም ዝርዝሩን ይዘው ቀና አሉና "አንቱስ ከየት ነው የመጡት?" አሉኝ። ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ግድግዳ ነበር።

ያሾፉብኝ መስሎኝ አኮረፍኩ። ኋላ ሳይ ለሁሉም እንደዚያው ናቸው። አማርኛ ገና የሚለምዱት የአፋር ልጆች "አንተ መምህር!" ሲሏቸው፣ እሳቸው "አቤት፣ ምን ልርዳዎት?" ይላሉ። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል።

"ነገ ልጅ ልታስተምሩ ነው" አሉን አንድ ቀን። "ዛሬ ሰው ካላከበራችሁ፣ ነገ ማክበሩን ከየት ታመጡታላችሁ?"

በሁለተኛው ዓመት ለማስተማር ልምምድ መልካ ወረር ተላክሁ። ሙቀቱ አላስቆም አላስቀምጥ ቢለኝ እናቴ ዘንድ ሸሸሁ። እዚያው ማራገቢያ ሥር ቁጭ ብዬ የሳምንቱን ሪፖርት አሳምሬ ጻፍኩ። "ተማሪዎቹ በሙሉ ተገኝተው በንቃት ተሳትፈዋል።" ለካ በዚያ ሳምንት ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ጥጥ ለቀማ ወጥተው ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ኖሯል። መምህሬ እኔን ሊያዩ ሄደው ያገኙት የተቆለፈ በር ነው።

ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "አንቺ፣ ነይ እስቲ" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ልምምዱን ከመጀመሪያው አስደገሙኝ፤ ደግሜ አለፍኩ። አንቱታው ግን አልተመለሰልኝም። ስመረቅ እንኳ ያሉኝ "እንኳን ደስ ያለሽ" ነው። ያቺ "ሽ" እንደ እሾህ ተሰካችብኝ።

አፋምቦ ተመደብኩ። አብረውኝ የሄዱት አንድ ሁለት ዓመት ሠርተው ወደ ከተማ ሲዛወሩ እኔ በእልህ ቀረሁ። እልሁ ከማን ጋር እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። በየዒዱ ለመምህሬ እደውላለሁ።

"ዛሬም አፋምቦ ነሽ?"

"አዎ፣ መምህር።"

"ልጆቹ ይመጣሉ?"

"የሚመጣም አለ፣ የሚቀርም አለ" እላለሁ። እሳቸውን ዳግመኛ መዋሸት አልችልም ነበር።

"አላህ ያበርታሽ።"

ስልኩን ዘግቼ እበሳጫለሁ። አንዲት ቃል ምን ትከብዳለች? ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ስጠብቅ ኖርኩ። ባለፈው ክረምት ግን መሞታቸውን ሰማሁ። ኢና ሊላሂ ብዬ፣ ከሐዘኔ እኩል ተናደድኩባቸው። ሳይመልሱልኝ ሄዱ።

ሰመራ ለቅሶ ቤት ስደርስ ባለቤታቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ከዚህ ቀደም ተያይተን አናውቅም።

"ከየት መጣሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ከአፋምቦ።"

"እንግዲያው መምህርቷን ታውቂያቸዋለሽ" አሉ፣ አንገታቸውን ወደ በሩ እያሰገጉ። "ባለቤቴ በየዒዱ ስልኩን ሲዘጉ 'የአፋምቦዋ መምህርት ደወሉ፣ ዛሬም እዚያው ናቸው' ይሉኝ ነበር። አንድም ቀን አንቺ ብለው ሲያነሷቸው አልሰማሁም። መቼም ትልቅ ሴት ይሆናሉ፤ መንገዱ ከብዷቸው ይሆን የቀሩት?"

"እኔ ነኝ" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ወደዚህ ይቀመጡ" አሉኝ።