የኢንጂነሯ ነጠብጣቦች

ጎረቤቴን «ኢንጂነሯ» እንላታለን። ሥራዋ ሰው ከሕንፃ ማስወጣት ነው፤ እውነተኛ ሰው ግን አይደለም። ኮምፒውተሯ ላይ የሕንፃ ንድፍ ትዘረጋና ነጠብጣብ ትበትንበታለች። እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ሰው ነው። ከዚያ የእሳት ደወል ታስጮህና የቱ ደረጃ ላይ እንደሚተፋፈጉ ታያለች። አንድ ቀን አሳየችኝ። ነጠብጣቦቹ ከጆንያ እንደፈሰሰ ምስር ግር ብለው ወደ በሩ ወረዱ። እኔ ከምስሩ በቀር የገባኝ ነገር የለም።

እሷና እኔ አምስተኛ ፎቅ ነን፤ እናቷ ሁለተኛ ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። «እማ፣ ደወል ከሰማሽ ማንንም ሳትጠብቂ ውረጂ» እያለች እንደ ተማሪ ታስጠናቸው ነበር። እሳቸውም «እሺ» ይላሉ። እሺ ማለት ምን ገዷቸው!

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእኛው ሕንፃ ደወል ጮኸ። መላ ቅጡ ጠፋ። አንዱ «ልምምድ ነው» ይላል፤ ሌላው በሩን መቆለፉን ሊያረጋግጥ ከደረጃው ይመለሳል። እኔ ራሴ የቴሌቪዥን ሪሞት ጨብጬ ወጥቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ጭስ ይሸታል። ኢንጂነሯ ከፊቴ ነበረች። ሰዉ እየገፋት ስትወርድ የእናቷን በር አለፈችው፤ ዞር ብላም አላየች። በዚያ ሰዓት ሰው የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ ስንሰበሰብ እናቷ የሉም። እየዞረች የሰዉን ሁሉ ፊት አየች። በመጨረሻ ዘበኛው፣ «በጓሮው ደረጃ ወደ ላይ ሲወጡ አይቻለሁ። ብጣራ ብጣራ አልሰሙኝም» አላት።

«ወደ ታች ሲወርዱ ነው ያየሃቸው።»

«ኧረ ወደ ላይ ነው!»

«ወደ ላይማ አይሆንም! ጭስ እያለ ማን ወደ ላይ ይወጣል?»

ሰውየውን ስትከራከረው ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ከዚያ ድንገት ወደ ውስጥ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት፤ ልመልሳት ይሁን ላግዛት፣ እኔንጃ። 

ጭሱ ምድር ቤት ከተቃጠለ የውሃ ሞተር የመጣ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። አምስተኛ ፎቅ ስንደርስ እናቷ የልጃቸውን በር በጫማቸው ይደበድባሉ። ከመጣራት ብዛት ድምፃቸው ተዘግቷል።

«እማ! ውረጂ አላልኩሽም?»

«አንቺን ውስጥ ትቼ?» አሉና ዞረው አዩዋት። በሩን አዩ፤ መልሰው እሷን አዩ። ግራ ገባቸው። «ቆይ እስቲ፣ አንቺ ከየት መጣሽ?»

ኢንጂነሯ ዓይኗን ከእናቷ ወደ ደረጃው አሸሸች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። አንጀቴ አልቻለም።

«ሱቅ ወጣ ብላ ነበር፣ እማማ» አልኩ።

«እኔም ብያለሁ» አሉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ጫማቸውን እያጠለቁ። «ቤት ብትኖርማ ጥላኝ አትወርድም።»