የማይቋጠር ኮት

ደሴ ላይ አስተዳዳሪ ሳለሁ፣ በእርሻ ድንበር የተካሰሱ ሁለት ሽማግሌዎች ከሐርቡ መጡ። እንደ ደንቡ አንዱ ከሌላው እንዳያመልጥ የኩታቸውን ጫፍ አቆራኝተው፣ በኮምቦልቻ በኩል አቀበቱን በእግራቸው ወጥተዋል። እኔ ግን ባለጉዳይ ታክቶኝ ነበርና «ነገ ተመለሱ» አልኳቸው። በተመለሱም ቁጥር ነገ አልኩ። እንዲህ ስል ጣሊያን ገባ፤ እኔንም እዚያው ወንበር ላይ ተወኝ።

አንድ ጠዋት ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳይቆራኙ መጡ።

«ማን ረታ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ታረቅን» አለ አንደኛው።

«ታዲያ ምን አመጣችሁ?»

«እርስዎን ልንከስ ነው። የኩታዎን ጫፍ ያቀብሉን፣ እንቆራኝ።»

ጣሊያን የሰጠኝን ኮት ለብሼ ነበር። ዳር ዳሩን ዳበስኩት፤ የሚቋጠር ጫፍ የለውም።