ሞራ የጠጣው ጆንያ

መጀመሪያ ያሳከከኝ አንገቴ ላይ ነው፤ በስተቀኝ፣ ከጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ የሸሚዝ ኮሌታ የሚነካው ቦታ። ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ትንኝ የነከሰኝ መስሎኝ አከክሁትና ረሳሁት። ረቡዕ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ እብጠት ወጣች። ሐሙስ ውኃ ቋጠረች። ዓርብ ፈረጠች፤ ቅዳሜ መሐሏ ጎድጉዶ እንደ ከሰል ጠቆረ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አታምም ነበር። በጣቴ ስጫናት እንኳ አታምም። ያዘናጋኝም ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው ከከብትና ከቆዳ ጋር ለምትውሉ፣ አንገታችሁ ወይም ክንዳችሁ ላይ እንዲህ ያለች ጥቁር ቁስል ላያችሁ ሰዎች ነው። በሽታው መድኃኒት አለው። እኔ ድኛለሁ። ግን በዚያ በሽታ የታመምነው ሁለት ሰዎች ነበርን።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ ገደማ ነው። አዲስ አበባ፣ ኮሌጅ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በተማሪዎች ዐመፅ ምክንያት ትምህርቱ ሲቋረጥ እንደ ጓደኞቼ ሁሉ ወደ ቤቴ፣ ወደ ዲላ ተመለስኩ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ሲባል ወራት አለፉ። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ ገበያው አጠገብ ክርና መርፌ፣ ሻማና ክብሪት እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። እሷ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ እየዋለች እኔ ጓሮ መጽሐፍ ይዤ መቀመጡ ከበደኝ። ስለዚህ በአውቶቡስ ዕቃ የሚልክ አንድ ድርጅት ግቢ ለግማሽ ቀን ተቀጠርኩ። ጠዋት እሠራለሁ፣ ከሰዓት አነባለሁ።

ሥራው የሚላከውን ጥቅል ከመጋዘን አውጥቶ ፖርቶመጋላው ላይ፣ ማለት የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ መጫን፣ የመጣውንም ማውረድ ነው። በአቡጀዴ የተሰፋ ልብስ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ማር፣ ከይርጋጨፌ የመጣ የቡና ናሙና፣ ቆዳ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ እዚያ ጸሐፊ ሆኖ ገባ» ብላ አወራች። አላረምኳትም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ከዲላ ኮሌጅ የገባ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው። የኮሌጁ ተማሪ ኩሊ ሆነ ከሚሉኝ ብሞት ይሻለኛል እል ነበር፤ ሞት ምን እንደሆነ ሳላውቅ።

አብሮኝ የሚጭነው ጋሽ በራሶ ይባላል። ከዲላ ወጣ ካለችው ከጪጩ ጎህ ሲቀድ በእግሩ ተነሥቶ የሚመጣ፣ አርባውን ያለፈ፣ ዘፈን የማይወድ መዝሙር ግን ከአፉ የማይጠፋ የጌዴኦ ሰው ነው። ሸክም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጉልበት ሳይሆን ትንፋሽ እንደሚያነሣ አሳየኝ። የዲላ ዝናብ ከያዘ አይለቅምና ጫኞች የጆንያውን አንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ አስገብተው እንደ ቆብ ይደፉታል። ይህንንም እሱ ነው ያስተማረኝ።

«የቡና ጆንያ ተው፣ ውኃ ትጠጣለች» አለኝ። «የቆዳ ጆንያ ያዝ። እሱ ሞራ ጠጥቷል፣ ዝናብ አትገባም።»

እውነቱን ነው። ቆዳ ታስሮበት የከረመ ጆንያ ስቡን ስለሚመጥ ዝናቡ በላዩ ይንከባለላል። ጫኞቹ ይሻሙበት ነበር። እኔ ግን የወደድኩት ለሌላ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ጎተት ሳደርገው እስከ ቅንድቤ ይሸፍነኛል። የማውቀው ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ፊቴን እደብቅበታለሁ። ፀሐይ ሲወጣ ሌሎቹ ያወልቃሉ፣ እኔ አላወልቅም። አንገቴን ሲከረክረኝ ይውላል። በራሶ ይሥቅብኛል፤ «ተማሪ፣ ሙሽራ ነህ እንዴ? ዝናብ የታለች?»

ከቆዳዎቹ መካከል የታመመ ከብት ቆዳ እንደማይጠፋ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ላም ስትታመም ሳትሞት ቶሎ ትታረዳለች፣ ሥጋው ለጎረቤት ይከፋፈላል፣ ቆዳው ይሸጣል። ያለችውን አንዲት ላም ዝም ብሎ የሚቀብር ድሃ የለም። ከዚያ ቆዳ እኔ አንገት ድረስ መንገድ መኖሩን ግን ማን ያስባል?

ቅዳሜ በራሶ ቁስሉን አየው። በዙሪያው ያለው እብጠት አገጬ ሥር ደርሶ ነበር።

«ይሄ ነገር ጥሩ አይደለችም። ሥራ ተው፣ ሐኪም ቤት ሂድ» አለኝ።

እየዘነበ ነበር። የእሱ ጆንያ ተቀዷል። የእኔን አወለቅሁና በእጄ ሰጠሁት። «ጌታ ይባርክህ» ብሎ ደፋው።

ቤት ሄጄ ታጠብኩ። አዲስ አበባ የምለብሰውን ኮት ለበስኩና ከከተማው ዳር ወዳለው ትንሽ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሯ የምትመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ረቡዕ ስለሆነ የተቀበለኝ ድሬሰሩ፣ ማለት የሕክምና ረዳቱ ነው። ረጋ ያለ ሰው ነው። ቁስሉን በብርሃን አገላብጦ አየ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«የኮሌጅ ተማሪ ነኝ።»

«ቤታችሁ ከብት አለ? ቆዳ ትነካለህ?»

ከኋላዬ ወንበር ላይ አብራኝ የተማረች ልጅ ተራዋን ትጠብቃለች። ፈገግ አልኩ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «የለም ጌታዬ፣ እኔ ከመጽሐፍ በቀር የምነካው ነገር የለም» አልኩት። ልጅቷ ሣቀች። ድሬሰሩ ኮቴን አየ፣ ቅባት ሰጠኝ፣ «ሰኞ ለዶክተሯ መታየት አለብህ» አለኝ።

ሰውየው አላጠፋም። መጠየቅ ያለበትን ጠይቋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ በሽታዬን አሳይቼ ሥራዬን ደበቅሁ፣ ውጤቱ ያው ነው። ሰኞም አልሄድኩም። ዶክተሯ እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ። ቅባቱን እየቀባሁ ቤት ተኛሁ።

ማክሰኞ አንገቴና አገጬ እኩል ሆኑ። ትኩሳት ያዘኝ። እብጠቱ ደረቴ ላይ ወረደ። ረቡዕ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ድምፄ ጠፋ። በጀርባዬ ስተኛ አየር ያጥረኛል። ጎረቤቶች ወንበር ላይ እንዳስቀመጡኝ ተሸክመው ወሰዱኝ። እናቴ ከኋላ ራሴን ደግፋ ትሮጣለች።

ዶክተሯ የውጭ አገር ሴት ናት፤ አማርኛዋ ዘገም ያለ ነው። ቁስሉን አየች። አልነካችውም።

«ይህ አንትራክስ ነው። እናንተ አባ ሰንጋ የምትሉት። ከከብት ይመጣል፣ ከቆዳ ይመጣል። እናት፣ ልጅዎ ምን ይሠራል?»

እናቴ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«ጸሐፊ ነው» አለች።

«ጸሐፊ ይህን ከየት ያገኛል?»

እኔ መናገር አልቻልኩም። በእጄ የመጻፍ ምልክት አሳየሁ። ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። እንዲህ ጻፍኩ፤ «ኩሊ ነኝ። ቆዳ እጭናለሁ።» ከሥሩ ጨመርኩ፤ «ጆንያዬን ጋሽ በራሶ ለብሶታል። የጪጩ ሰው ነው።»

ድሬሰሩ ጮክ ብሎ አነበበው። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ፔኒሲሊን በየስድስት ሰዓቱ ወጉኝ። አልጋዬ አጠገብ ምላጭና ቱቦ ያለበት ሳህን አስቀመጡ። «ትንፋሹ ከቆመ ጉሮሮውን እከፍታለሁ» አለች ዶክተሯ፤ ያን ሳምንት ትታን አልሄደችም። ሰማኋት። ዐይኔን ከሳህኑ ላይ ማንሣት አልቻልኩም። ትንፋሽ ሳስገባ ያፏጫል። ሳስወጣ ያፏጫል። እቆጥራለሁ። እስከ መቶ እደርስና እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ከዚያ በቀር የምችለው ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ድሬሰሩ ወደ ግቢያችን ሄደ። ቆዳ የታሰረባቸውን ጆንያዎች ሁሉ አሰብስቦ አስቃጠለ፣ ጫኞቹን አንድ በአንድ አየ። በራሶ የለም። ከትናንት ጀምሮ አልመጣም አሉት። ዓርብ ጪጩ ቤቱ ድረስ ሄደና አገኘው። በግንባሩ ላይ፣ ከቅንድቡ ከፍ ብሎ፣ ማክሰኞ የወጣችውን ቡግንጅ ጎረቤቶቹ በጋለ ብረት ተኩሰውለት ነበር። ለመልካም ብለው ነው፤ እዚያ አገር ለማይታወቅ እብጠት የሚደረገው ይኸው ነው። በቃሬዛ ሲያመጡት ሁለቱም ዐይኖቹ ተደፍነዋል። አጠገቤ ካለው አልጋ ላይ አስተኙት።

የእኔ እብጠት በዚያው ቀን መቀነስ ጀመረ። የእሱ ጨመረ። አንድ መድኃኒት፣ አንድ መርፌ፣ አንድ ክፍል። «ለምን?» ብዬ ዶክተሯን በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

«ወደ ደሙ ገብቷል» አለች። «ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ...» አልጨረሰችውም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚስቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ወደ አልጋው ዘንበል አልኩ።

«ጋሽ በራሶ፣ ያን ዕለት ሐኪሙ ቆዳ ትነካለህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አልነካም አልኩት።»

የተኛ መሰለኝ።

«ለምን?»

«አፈርኩ።»

«ምን ያሳፍራል?» አለ። አልተቆጣም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። «ልጆቼ በዚህ ትከሻ በሉ፣ ተማሩ። ምን ያሳፍራል?»

ቆይቶ «የሌሎቹ ሠራተኛ ጆንያ ተቃጠለ?» አለኝ። ተቃጥሏል አልኩት። «ጥሩ» አለ። ከእኔ ጋር የተነጋገረው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። እሑድ ረፋዱ ላይ ሞተ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ እጁን ከመያዝ በቀር ምንም አላደረግሁም።

እኔ ግን ዳንኩ፤ መዳን እንዲህ ያለ ዐይን የሌለው ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። እብጠቱ ቀስ በቀስ ከደረቴ ወደ አንገቴ እየሸሸ ሄዶ በሁለተኛው ሳምንት አገጬ ተመልሶ ታየ፤ እናቴ በየጠዋቱ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ እየመጣች፣ መጀመሪያ በማንኪያ ኋላም በኩባያ ታጠጣኝ ነበር። ጥቁሩ ቅርፊት በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ወደቀ፤ በቦታው የቀረው ጠባሳ ዛሬም ኮሌታዬ ሥር አለ። ጠያቂ ጎረቤቶች ምን ነካው ሲሏት እናቴ «ዕቃ ሲጭን የያዘው ነው፣ ከቆዳ» ትላቸው ነበር፤ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ። ለእኔ ስትል የተናገረችውን ለእኔ ስትል አፈረሰችው።

ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ ጪጩ ለቅሶ ሄድኩ። ሚስቱ ወይዘሮ ማርታ ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ባሌን ያሳከመው ይሄ ልጅ ነው። መናገር አቅቶት እንኳ ወረቀት ጽፏል። እግዚአብሔር ይስጠው» አለች። አንገቴን ስማኝ፣ ጠባሳው ላይ። ሰው ሁሉ መረቀኝ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ኮሌጁ ተከፈተ፣ ተመለስኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ። ለተማሪዎቼም ለእናንተም የምለው ብዙ አይደለም። የማታምም፣ የምታሳክክ፣ መሐሏ የጠቆረ ቁስል ካያችሁ አትቁረጧት፣ አትተኩሷት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ታሞ የታረደ ከብት ሥጋውን አትብሉ፣ ቆዳውን አትግፈፉ። ሐኪሙ ሥራችሁን ሲጠይቃችሁ ሰው ይስማ አይስማ ብላችሁ ዙሪያችሁን አትመልከቱ፤ ሥራችሁን ንገሩት፣ የምትነኩትን ንገሩት፣ ዕቃችሁን ማን እንደወሰደም ንገሩት። ለዚያች ዶክተር፣ በእግሩ ጪጩ ድረስ ለሄደው ድሬሰር፣ ለእናቴ ያለኝን ምስጋና እዚህ ላይ ጽፌ አልጨርሰውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ራሴ ልጆች ወልጄ፣ ወይዘሮ ማርታ ዘንድ ሄድኩ። ጸጉሯ ሸብቷል። ጓሮዋ ካለው የቡና ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠን ቅዳሜ ለታ ድሬሰሩን ምን ብዬ እንደዋሸሁት ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ውኃ ቀድቼ ስመለስ በጆሮዬ ነገረኝ።»

«ታዲያ በለቅሶው ላይ ያን ሁሉ ምስጋና...»

«እሱ ነው ያዘዘኝ። ‹ልጁ ሰው ያፍራል፤ ሰው ፊት አመስግኚው› አለኝ።»