ሁለት ጆሮ ለሁለት ሰው

ነገሩ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። በፋሲካ ዋዜማ እኔና የሥራ ባልደረባዬ በቀለ አንድ በሬ ከጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ካርቲየ 2 ወደሚባለው ሰፈራችን እንነዳለን። የሰፈሩ አበሻ ሁሉ ለቅርጫ ከድሬዳዋ ያስመጣው በሬ ነው። መንገድ ላይ የአቧራ ነፋስ ተነሣና ገመዱ ከእጄ አመለጠ። የገዛ እጃችን እንኳ አይታየንም፤ የበሬው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

እኛ ደግሞ የባቡር ቦይለር፣ የእንፋሎቱን ጋን፣ ስንቀጠቅጥ ኖረን የኔ ግራ ጆሮ፣ የሱ ቀኝ ጆሮ ደንቁሯል። ባንድ ጆሮ ድምፅ ከየት እንደመጣ አይለይም።

«ትከሻ ለትከሻ እንግጠም፤ ደህናው ጆሯችን ወደ ውጭ ይሁን» አልኩት። «ድምፁ በኔ በኩል ከበረታ እጎትትሃለሁ፤ ባንተ በኩል ከበረታ ጎትተኝ። እኩል ከሰማነው ፊት ለፊታችን ነው።»

ለበሬው ማባበያ የያዝነውን ሣር በጀርባዬ እንደተሸከምኩ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ዞር ዞር አልን። በሬው አጓራ፤ እኩል! ወደፊት ሄድን። እንደገና አጓራ፤ አሁንም እኩል። ብንሮጥም አይቀርብም፣ አይርቅም።

«ሌባ እየነዳው ነው!» ብሎ ጮኸ በቀለ።

«ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ለሌባ አልተውለትም!» አልኩ።

ግንብ ገጨን፣ የሰው እንስራ ሰበርን፣ ግን እሱን ከመከተል ወይ ፍንክች። በመጨረሻ እግራችን ውሃ ውስጥ ገባ፤ ባሕሩ ጋ ደርሰናል።

«ይዋኝ እንደሆነ እኔም እዋኛለሁ!» ብዬ ሱሪዬን ስሰበስብ፣ አንድ ነገር ከጀርባዬ ላይ ሣሩን እየመዘዘ ያኝክ ጀመር።